ከባለቤቴ ጋር በአንድ ወረቀት ላይ ኑዛዜ ማድረግ እንችላለን?

የጀሞዋ
ሰላም ለሁላችሁም። ከባለቤቴ ጋር ሁለት ልጆች አሉን። እሱ ከእኔ በፊት የወለደው ልጅም አለ፣ ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያሳደግኩት እኔ ነኝ። ያለን ንብረት ከተጋባን በኋላ የገዛነው ኮንዶሚኒየምና ትንሽ የባንክ ገንዘብ ነው። ጎረቤቴ ባሏ ሞቶባት ገና አርባው ሳይወጣ ወንድሞቹ የቤቱን ነገር ማንሳት ጀመሩ፣ ይሄን ካየሁ ወዲህ ሐሳብ ገብቶኛል። ባለቤቴ "አንድ ወረቀት ላይ ሁለታችንም እንፈርም፣ ቀድሞ የሞተውን ሌላው ይውረሰው" ይላል። ይሠራል? ኑዛዜ ከሌለስ ለእኔ ምን ይደርሰኛል?

የሕግ ሰው
እህቴ፣ አንድ ወረቀት ላይ እንዳትጽፉ! የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 858 ሁለት ሰዎች በአንድ ሰነድ ያደረጉትን ኑዛዜ ዋጋ የለውም ይላል። ለየብቻችሁ ጻፉ።
ሁለተኛው ጥያቄሽ ብዙ ሰው የማያውቀው ነው። በእኛ ሕግ ሚስት የባሏ ወራሽ አይደለችም፣ ባልም እንደዚያው። ግን ቤቱ የጋራችሁ ስለሆነ ግማሹ ድሮም ያንቺ ነው፣ ውርስ ውስጥ አይገባም። የእሱ ግማሽ ኑዛዜ ከሌለ ለሦስቱም ልጆች እኩል ይከፈላል፣ ከአንቺ የተወለዱትም ያሳደግሽውም ልጅ አንድ ናቸው። ከእሱ ድርሻ ለአንቺ እንዲደርስሽ ከፈለገ በኑዛዜ መስጠት አለበት።
ጎረቤትሽ ልጆች ካሏቸው ወንድሞቹ ምንም የላቸውም፣ አትፍራ በይልኝ። ልጅ ከሌለ ነው ውርሱ ወደ ሟች እናትና አባት የሚሄደው።

አዲሱ ገበያ
እኔ የምለው ስለ ምስክር ነው። የእኛ አባት በኮምፒውተር አስጽፈው በሁለት ምስክር አስፈረሙና ሲሞቱ ወንድምና እህት ፍርድ ቤት ለፍርድ ቤት ተንከራተትን፣ እስከ ዛሬ በዓል አብረን አንውልም። በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ አራት ምስክር ይፈልጋል። በተናዛዡና በአራቱ ፊት ይነበባል፣ ከዚያ እዚያው ሁሉም ይፈርማሉ። መነበቡና ቀኑ ደግሞ ወረቀቱ ላይ ካልተጻፈ ኑዛዜው ይፈርሳል፣ እኛን የጣለን ይሄም ጭምር ነው። ከምስክሮቹ አንዱ በሥራው ላይ ያለ ውል አዋዋይ ወይም ዳኛ ከሆነ በጠቅላላ ሁለት ምስክር ይበቃል፣ ስለዚህ ሰነዶች ማረጋገጫ ሄዳችሁ ብታደርጉት ይሻላል። የሚወርስ ሰው ምስክር አይሁን።

የጀሞዋ
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባለቤቴ በእጁ ቢጽፈውስ? ምስክር መለመን አይወድም።

የሕግ ሰው
ይችላል፣ ምስክርም አያስፈልገውም። ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በራሱ እጅ ይጻፈው፣ ኑዛዜ መሆኑን በግልጽ ይበል፣ እያንዳንዱ ገጽ ላይ ቀንና ፊርማ ያስቀምጥ። ከጻፈው በኋላ በ7 ዓመት ውስጥ ውል አዋዋይ ዘንድ ወይም ፍርድ ቤት መዝገብ ቤት ካላስቀመጠው ዋጋ ያጣል፣ መሳቢያ ውስጥ ቆልፎት እንዳይረሳው።

ከሜሪላንድ
ውጭ ያላችሁ ደግሞ ውክልና ሰጥቻለሁ ብላችሁ አትቀመጡ። ውክልና የሚሠራው በሕይወት እስካላችሁ ነው፣ ስትሞቱ ያበቃል። አዲስ አበባ ቤት ያለው ሰው የካርታውን ኮፒና የባንክ ደብተሩን የት እንዳስቀመጠ፣ ማን እንደተበደረውና ከማን እንደተበደረ ለሚያምነው ሰው ይንገር። አጎቴ ሲሞት ልጆቹ ቤቱ በማን ስም እንደሆነ እንኳ አያውቁም ነበር፣ ያን ሁሉ ያጣራነው ለቅሶ ላይ ሆነን ነው።

አዲሱ ገበያ
የጀሞዋ፣ አንድ ነገር ልጨምር። ለልጆቹ አሁኑኑ፣ ሦስቱንም አንድ ላይ አስቀምጣችሁ ንገሯቸው፣ በተለይ ያሳደግሽው ልጅ ከሰው አፍ እንዳይሰማው።