ተማሪዎቼ ዴሪቬቲቭ ይሠራሉ፣ ምን ማለት እንደሆነ ግን አይነግሩኝም። ምን ላድርግ?

ጠያቂ (ጅማ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ለሁለተኛ ዓመት የኢኮኖሚክስ ተማሪዎች ማይክሮኢኮኖሚክስ አስተምራለሁ። ዴሪቬቲቭ (የለውጥ ፍጥነት ስሌት) ስሰጣቸው ፉት ነው የሚሏት። «ዋጋ ቢጨምር የሻጩ ገቢ ምን ይሆናል?» ስል ግን ክፍሉ ጭጭ። ኪውዝ ላይ «መጠን = 100 − 2 × ዋጋ» ሰጥቼ ኢላስቲሲቲውን (ዋጋ በ1 በመቶ ሲጨምር መጠኑ በስንት በመቶ እንደሚለወጥ) ብጠይቅ ብዙዎቹ «−2» ብለው አስረከቡኝ። ክፍሉ ጢም ያለ ነው፤ መብራት ሲጠፋ ፕሮጀክተሩም የለም።

ሒሳብ ክፍል፦
−2 ስሎፕ ነዋ! ዋጋ በ1 ሲጨምር መጠኑ በ2 ይቀንሳል ማለት ብቻ ነው። ቀመሩን ደጋግመህ ብታስረዳ አይገባቸውም፤ መጀመሪያ ሠንጠረዥ አሠራቸው። ዋጋ 10 ሲሆን 80 ይሸጣል፣ ገቢ 800። 11 ሲሆን 78፣ ገቢ 858፤ ጨመረ። አሁን ወደ 40 ውሰዳቸው፦ 20 ይሸጣል፣ ገቢ ያው 800። 41 ሲሆን 18፣ ገቢ 738፤ ወረደ። ስሎፑ ንቅንቅ አላለም። «ታዲያ ለምን?» በልና ዝም በል፣ ቶሎ አትመልስላቸው። ከዚያ ነው ስሎፑን በዋጋ አባዝተህ ለመጠን አካፍለህ፣ ኢላስቲሲቲው 10 ላይ −0.25፣ 40 ላይ −4 ብለህ የምትጽፈው። ካልኩለሱ በመጨረሻ ይምጣ፦ ገቢ የሚበዛው ዋጋ 25 ላይ ነው፣ 1,250።

ጠያቂ፦
ሁለቱም ጋ 800 መሆኑ ተመችቶኛል፣ ሰኞ እሞክራታለሁ። «ይሄ የሰሌዳ ነገር ነው» ቢሉኝስ?

የቡና ልጅ፦
ጅማ ተቀምጠህ ምሳሌ ቸገረህ? እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1975 ብራዚል ላይ ውርጭ ቡናውን መታው፤ በ1977 የዓለም ዋጋ ጣሪያ ነካ። ጠጪው ዋጋ ተወደደ ብሎ ቶሎ አይተውም፣ አዲስ ችግኝ ደግሞ ፍሬ እስኪሰጥ 3 ወይም 4 ዓመት ይፈልጋል። ግን ጠንቀቅ በል፦ ጀንፈሉን ጭኖ ገበያ የሚወጣው አንድ ገበሬ ዋጋ ተቀባይ ነው፣ ገበያው ባወጣው ይሸጣል፤ እሱ ፊት ያለው ፍላጎት ፍጹም ኢላስቲክ ነው፣ ትንሽ ቢያስወድድ ገዢው ሌላው ጋ ይሄዳል። ይቺን ካላነሳህ የገበያውን ፍላጎትና የአንዱን ገበሬ ያምታቱብሃል። ለፈተናም ትሆናለች።

ስታታ ወዳጅ፦
ከጥያቄው ብወጣም፣ ሪግሬሽን (ለነጥቦች የሚስማማውን መስመር መፈለግ) ስትደርስ የስታቲስቲክስ ሊቁን የአንስኮምብን (እ.ኤ.አ. 1973) አራት ዳታዎች አምጣላቸው። አራቱም አንድ መስመር ይሰጣሉ፣ 3 + 0.5 × ኤክስ፤ ኮሪሌሽናቸውም (የሁለቱ ቁጥሮች ዝምድና) 0.82 ገደማ ነው። ሲሣሉ ግን ፈጽሞ አይመሳሰሉም። እያንዳንዱ 11 ነጥብ ብቻ ስለሆነ በስኩዌር ወረቀት ይሣላል፣ መብራት አትለምንም።

የድሮ ተማሪ፦
መምህር፣ እንግሊዝኛውንም አይርሱት። በቡድን ሲወያዩ በኦሮምኛም በአማርኛም ያውሩ፣ መልሱን ብቻ በእንግሊዝኛ ይጻፉ። ከማርኩም ግማሹን ለስሌቱ፣ ግማሹን «ስለዚህ ሻጩ ምን ያድርግ?» ለምትል አንዲት ዓረፍተ ነገር ይስጡ። ማርክ ከሌለው ማንም አይጽፈውም።