«ልጅ በሻንጣ አይማርም»፦ ስለ ቤት ውስጥ ትምህርት የተነሣ ክርክር

የሁለት ልጆች እናት፣ አሌክሳንድሪያ፦ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቡና ላይ ሐሳባችንን ተናገርኩ። ከመጪው ዓመት ጀምሮ ልጆቹን ከትምህርት ቤት አውጥተን ቤት ውስጥ እናስተምራቸዋለን፤ ከጥቅምት እስከ የካቲት ቢሾፍቱ እናቴ ዘንድ፣ የቀረውን ጊዜ እዚሁ ቨርጂኒያ እንኖራለን። አንድ የማከብራቸው ሰው «ልጅ በሻንጣ አይማርም» አሉና ቤቱ በሳቅ ሞላ። ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ የለኝም። ልጆቼ ከአያታቸው ጋር የሚነጋገሩት እኔ እያስተረጎምኩላቸው ነው። እናቴ 78 ዓመቷ ነው። ትምህርት ቤቱ ይጠብቃል፤ እሷ ግን አትጠብቅም። ጥፋቴ ምን ላይ ነው?

መምህር፣ አዲስ አበባ፦ ሰውየው ልክ ናቸው። ከውጭ መጥተው ኅዳር ላይ ክፍሌ የሚገቡ ልጆች አሉ። ፊደሉን ሳይለዩ፣ ጓደኛ ሳያፈሩ የካቲት ላይ ይሄዳሉ። በ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 በመቶ ብቻ እንደነበሩ ታስታውሳላችሁ። ዓመቱን ሙሉ የተማሩት እንዲህ ከሆኑ፣ የሚመላለሱት ምን ሊሆኑ ነው?

አባት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፦ መምህር፣ ቁጥሩ የሚመሰክረው በእርስዎ ላይ ነው። እነዚያ ልጆች በሻንጣ አልተማሩም፤ 12 ዓመት ወንበር ላይ ተቀምጠው ነው የወደቁት። እኛ ሜሪላንድ ውስጥ ቤት ማስተማር ከጀመርን አራት ዓመታችን ነው። ከመጀመራችን 15 ቀን አስቀድመን አሳውቀናል። የልጆቹን ሥራ በማኅደር እናስቀምጣለን፤ ገምጋሚው በዓመት እስከ ሦስት ጊዜ ሊያየው ይችላል። ሒሳብና ሳይንስ ቀርቶ ሙዚቃና የሰውነት ማጎልመሻ ሳይቀር ይጠየቃል። እህቴ፣ ቨርጂኒያም ሥርዓት አላት፤ ማስታወቂያሽን እስከ ኦገስት 15 አስገቢ፤ በቀጣዩ ዓመት እስከ ኦገስት 1 ልጆቹ መሻሻላቸውን በፈተና ወይም በግምገማ ታሳያለሽ። ተስፋ አትቁረጪ።

ነርስ፣ ዉድብሪጅ፦ የፈተናውን ልክም ንገራት እንጂ! የቨርጂኒያ ሕግ የሚጠይቀው ከዘጠኝ ደረጃዎች አራተኛውን ነው፤ ከ100 ልጆች 23ቱን ያህል የበለጠ ልጅ በቂ ነው ማለት ነው። እኔ የሌሊት ተራ እየሠራሁ ልጄን የማሳድገው 23 ሰው እንዲበልጥ አይደለም። ደግሞ ልጠይቅህ፤ ባለቤትህ ምን ትሠራለች?

አባት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፦ ሥራዋን ትታ ልጆቹን ታስተምራለች። ተስማምተን ነው።

ነርስ፣ ዉድብሪጅ፦ ጠርጥሬ ነበር። «ቤተሰቡ ወሰነ» በተባለ ቁጥር ደመወዟ የሚቀረው እናቲቱ ናት። ጡረታዋስ? ሙያዋስ? ስለ ሻንጣው ስትከራከሩ ሻንጣውን የሚሸከመውን ሰው የጠየቀ የለም።

የሁለት ልጆች እናት፦ እኔን የሚያስገድደኝ የለም። ሐሳቡም የእኔ ነው። የሒሳብ ሥራዬን ከየትም ሆኜ እሠራለሁ፤ ልጆቹ ደግሞ የተወሰነውን ትምህርት በኢንተርኔት ይከታተላሉ።

መምህር፣ አዲስ አበባ፦ በስንት ሰዓት? በዚያ ወቅት ቨርጂኒያ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን እዚህ ከቀኑ 11 ሰዓት ነው። ልጆቹ ከአያታቸው ጋር እራት ሊበሉ፣ ተረት ሊሰሙ በሚገባቸው ሰዓት ኮምፒውተር ላይ ያፈጥጣሉ፤ ያውም መብራት ካልጠፋ። የሄዳችሁበትን ነገር ራሱን ታጡታላችሁ።

የደሴዋ፦ መምህር፣ በማክበር ልናገር። የአገራችን ሊቅ ሁሉ በእግሩ ዞሮ የተማረ ነው። የቆሎ ተማሪው ለዜማ አንድ አገር፣ ለቅኔ ሌላ አገር ይሄድ ነበር። በእኛ በወሎም ደረሳው ከአንዱ ሸህ ወደ ሌላው ሸህ እየተሻገረ ነው ኪታብ የቀራው፤ አባቴ አንዱ ነበሩ። የቆሎ ተማሪው ሻንጣ አኮፋዳው ነበረ። ማን ነው በሻንጣ አይማርም ያለው?

መምህር፣ አዲስ አበባ፦ አኮፋዳ ያነገተው ልጅ የሚሄደው ወደ መምህር ነው። እህታችን ልጆቿን ይዛ የምትሄደው ከመምህር ወደ ናፍቆት ነው። ሁለቱን መንገድ አንድ አታድርጊው።

የደሴዋ፦ አያት መምህር አይደለችም?

መምህር፣ አዲስ አበባ፦ ለቋንቋና ለሥነ ምግባር ናት። ለአልጀብራ አይደለችም።

ከስቶክሆልም፦ እኔ እዚህ ሆኜ ይህን ሳነብ ቀናሁ። ሥዊድን እ.ኤ.አ. ከ2011 ወዲህ ልዩ ሁኔታ ካልገጠመ በቀር ቤት ማስተማርን አትፈቅድም፤ የወላጅ እምነትም ሆነ የኑሮ ምርጫ ምክንያት አይሆንም። በጀርመን እ.ኤ.አ. በ2013 ባለሥልጣናት ቤት ይማሩ የነበሩ አራት ልጆችን ከወላጆቻቸው ለይተው ሦስት ሳምንት ያህል አቆይተዋል፤ የአውሮፓ የሰብአዊ መብቶች ፍርድ ቤትም በ2019 ጀርመን መብት አልጣሰችም ሲል ፈረደ። እኔ አባቴ በታመሙ ጊዜ ልጆቼን ለሁለት ሳምንት ለመውሰድ ርእሰ መምህሯን ደጅ ጠንቼ ተከለከልኩ። ብቻዬን ሄድኩ። ልጆቼ አያታቸውን በፎቶግራፍ ነው የሚያውቋቸው። እህቴ፣ የተፈቀደልሽን ተጠቀሚበት።

ከሰመራ፦ የአፋር አርብቶ አደር ልጅ እንስሳቱን ተከትሎ እየተጓዘ በአማራጭ መሠረታዊ ትምህርት ይማራል። የሦስት ዓመቱን ከጨረሰ መደበኛ ትምህርት ቤት መግባት ይችላል። ትምህርትን ከኑሮ ጋር ማስማማት አዲስ ነገር አይደለም።

ነርስ፣ ዉድብሪጅ፦ አርብቶ አደሩን የሚያስኬደው ዝናብ ነው። እነዚህን የሚያስኬዳቸው ምኞት ነው።

የሁለት ልጆች እናት፦ ናፍቆት ምኞት አይደለም። ይህን ቃል አንሺልኝ።

ከምዕራብ ጎጃም፦ ሁላችሁንም ሳነብ አመሸሁ። በእኛ ቀበሌ ትምህርት ቤቱ በጦርነቱ ምክንያት ተዘግቶ ልጆቼ ቤት ከዋሉ ሁለት ዓመት አልፏል። እኛም ቤት ውስጥ እናስተምራለን፤ ታላቁ ታናሹን። ገምጋሚ አይመጣም። ደጁ የተከፈተለት ሰው በገዛ ፈቃዱ ልጁን ሲያስወጣ ማየት ይከብደኛል። ለክፋት አይደለም፤ ከበደኝ።

አባት፣ ሲልቨር ስፕሪንግ፦ ወንድሜ፣ ኀዘንህ ኀዘናችን ነው። ነገር ግን የእሷ ልጆች ወንበራቸው ላይ ቢቀሩ የእናንተ በር አይከፈትም።

ከምዕራብ ጎጃም፦ ይከፈታል አላልኩም። ከበደኝ ነው ያልኩት።

የደሴዋ፦ እህቴ፣ ልጆቹን ጠይቀሻቸዋል?

የሁለት ልጆች እናት፦ ታናሹ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ዛሬውኑ እንሂድ ይላል። ታላቋ አሥራ ሁለት ሆናታል። አልፈለገችም። የትምህርት ቤቱ የሙዚቃ ቡድን ውስጥ ናት፤ ቫዮሊን ትጫወታለች።

ነርስ፣ ዉድብሪጅ፦ ይህን እስካሁን ለምን ደበቅሽን?

ከስቶክሆልም፦ አሥራ ሁለት ዓመቷ ነው። ቫዮሊኑን ይዛ ትሂድ።

ነርስ፣ ዉድብሪጅ፦ ቡድኑንስ በምን ትይዘዋለች?

የሁለት ልጆች እናት፦ የማስታወቂያውን ቅጽ የታናሹን ሞልቼ ጨርሻለሁ። የእሷ ጠረጴዛው ላይ ነው።