ልጄ እያጭበረበረኝ ነው ወይስ የማጂክ ሕግ ራሱ እንዲህ ነው?

እናት ከሲያትል፦
ሰላም ለሁላችሁ። የ13 ዓመት ልጄ ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ የሚባለውን የካርታ ጨዋታ ይዞ መጥቶ ቤቱ ካርድ በካርድ ሆኗል። ከስልኩ ጋር ተፋጦ ከሚውል ብዬ አብሬው መጫወት ጀመርኩ፤ ካርታ ማለት ለኔ እስካሁን ኮንከር ነበር። መሠረቱ ገብቶኛል። በ20 ነፍስ እንጀምራለን፣ 7 ካርድ እንይዛለን፣ በየተራችን አንድ መሬት እናወርዳለን፣ መሬቱን ወደ ጎን እያዞርን (ታፕ ይለዋል) ማና (የካርድ መክፈያ ጉልበት) እናወጣለን፣ በማናው ክሪቸር (የሚዋጋ ፍጥረት) እንገዛለን ወይም አስማት እንወረውራለን። ነፍሱ ዜሮ የገባ ወይም የሚስበው ካርድ ያለቀበት ተሸነፈ። እዚህ ድረስ ሰላም ነው።

ያስቸገረኝ ልጄ "በምላሹ" የሚላት ነገር ናት። ግሪዝሊ ቤርስ በሚባለው 2/2 ድቡ (2 ጉዳት ያደርሳል፣ 2 ጉዳት ይገድለዋል) አጠቃኝ። እኔ ላይትኒንግ ቦልት ጣልኩበት፣ 3 ጉዳት። ድቡ የሚችለው 2 ስለሆነ ሞተ አልኩ። "ቆይ እማ፣ በምላሹ" አለና ጃየንት ግሮውዝ አወጣ። ድቡ 5/5 ሆነና ተረፈ። ቀድሜ የወረወርኩት እኔ፣ ቀድሞ የሠራው የሱ! ይሄ እንዴት ይሆናል?

ደግሞ ተራው ሲያልቅ ድቡ ተመልሶ 2/2 ነው። 3 ጉዳት ደርሶበታል፣ ታዲያ ያኔ መሞት የለበትም? "አይ ድኗል" ይለኛል።

ሌላም አለ። በ4/4 አጠቃሁት፣ በአንዲት 1/1 ኤልፍ ከለከለኝ። ኤልፏን ገና ሳይጋጩ በቦልት ገደልኳት። መንገዱ ተከፈተ ብዬ "4 ነፍስ ቀንስ" ስለው "አይቀነስም" አለ። በሦስቱም እሱ ነው የሚያሸንፈው፤ መጠርጠሬ አይገርምም።

ሰማያዊ ደሴት፦
እህቴ፣ ልጅሽ በሦስቱም ትክክል ነው 😂 ግን ያልነገረሽ ነገር አለ፣ እሱን እኔ እነግርሻለሁ።

ካርድ ስትጥዪ ወዲያው አይሠራም። ይህን ካልያዝሽ ምንም አይገባሽም። የጣልሽው ካርድ ስታክ የሚባል ቦታ ላይ ወጥቶ ይጠብቃል፣ ሌላው ሰው "እሺ፣ ይሥራ" እስኪል ወይም በላዩ ሌላ እስኪጥል ድረስ። ልክ ከምጣድ ላይ ወጥቶ እንደሚደራረብ እንጀራ ነው፤ መጨረሻ የተጋገረው ከላይ ነው፣ ሲነሳም ከላይ ነው የሚነሳው። ያንቺ ቦልት ከታች፣ የሱ ግሮውዝ ከላይ ሆኑ። ሁለታችሁም ምንም የማትጨምሩ ከሆነ የላይኛው ይሠራል፣ ድቡ 5/5 ይሆናል፣ ቀጥሎ ቦልቱ ሲወርድበት 3 ጉዳት ለ5 አይበቃም።

አሁን ተገላቢጦሹን ተመልከቺ። እሱ ግሮውዙን ቀድሞ ቢጥልና አንቺ "በምላሹ" ብለሽ ቦልት ብትጥዪበት ድቡ ገና 2/2 እያለ ይሞታል። ግሮውዙ ተራው ሲደርስ የሚያርፍበት ስለሌለ ዝም ብሎ መቃብር ይገባል። በአንድ ካርድ ሁለት ካርድ አስጣልሽው ማለት ነው። ስለዚህ በዚህ ጨዋታ ብዙ ጊዜ የሚያተርፈው ቀድሞ የጣለው ሳይሆን የታገሠው ነው። ልጅሽ ፊት አንድ ያልታጠፈ (ታፕ ያልተደረገ) ጫካ፣ ማለትም አረንጓዴ ማና የሚሰጥ መሬት ካለና እጁ ላይ ካርድ ከያዘ ድቡን ለመግደል አትቸኩዪ፣ መሬቱን እስኪጨርስ ጠብቂ።

ድሮ ተጫዋች፦
ሰማያዊ ደሴት ያለው ልክ ነው፣ ግን ስለ ኤልፏ ልጨምር። እኛ በምንጫወትበት ዘመን ጉዳት ራሱ ስታክ ላይ ይወጣ ነበር። ክሪቸርሽ ጉዳቱን "ከላከ" በኋላ ብትሠዊውም ጉዳቱ ያርፋል። በዚያ ላይ ማና አውጥተሽ ሳትጠቀሚበት ከቀረሽ ነፍስሽን ይበላሽ ነበር። ልጁን ይሄን አውቀሽ ጠይቂው።

የሱቅ ዳኛ፦
ወንድሜ እነዚያ ሁለቱም ሕጎች የሉም። እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ2009 ማጂክ 2010 ከተባለው ስብስብ ጋር ተነስተዋል። አሁን ጉዳት በአንድ ጊዜ ያርፋል፣ በመሀል የሚገባ ምላሽ የለም። የተረፈ ማና ደግሞ ምዕራፉ ሲያልቅ ይጠፋል እንጂ ማንንም አይጎዳም። እባካችሁ ለጀማሪ የድሮ ሕግ አታስተምሩ፣ ሱቅ ሲመጡ የምንጨቃጨቀው እኛ ነን።

እህቴ ስለ ድቡ ላስረዳሽ። በተራ መጨረሻ ማጽጃ የሚባል ደረጃ አለ። የደረሰው ጉዳት የሚጠፋውም፣ "እስከ ተራው መጨረሻ" የሚል ጉልበት የሚያልቀውም እዚያ ነው፣ ደግሞም እኩል፣ በአንድ ቅጽበት። ስለዚህ ድቡ 3 ጉዳት ያለበት 2/2 የሚሆንበት ሰዓት ፈጽሞ የለም። ግን ከማጽጃው በፊት 5/5 ሆኖ 3 ቆስሏል፣ ሁለት ብቻ ነው የቀረው። ሾክ የምትባለዋ 2 ጉዳት የምታደርስ ካርድ እጅሽ ላይ ብትኖር በዚያው ተራ ትጨርሺው ነበር።

ስለ ኤልፏ፦ ክሪቸርሽ አንዴ ከተከለከለ፣ የከለከለው ቢሞትም "የተከለከለ" ሆኖ ይቀራል። ለተጫዋቹ የሚያልፍ ጉዳት የለም። ትራምፕል የሚል የተጻፈበት ከሆነ ብቻ 4ቱም በሙሉ ያልፋል። ኤልፏን ማስወገድ የነበረብሽ ልጅሽ በምን እንደሚከላከል ከመናገሩ በፊት ነበር። ጥቃት ካወጅሽ በኋላ ከመከላከሉ በፊት ጊዜ አለ፣ ብዙ ጀማሪ ያቺን ጊዜ ያልፋታል።

እናት ከሲያትል፦
እግዜር ይስጥልኝ። አሁን ገና ገባኝ። ሌላ ልጠይቅ፣ ያቺ ኤልፍ (ላኖዋር ኤልቭስ) ታፕ ስትደረግ አንድ አረንጓዴ ማና ትሰጣለች። ታፕ ሲያደርጋት እኔም "በምላሹ" ብዬ ብገድላት ማናውን ያጣል አይደል?

ሰማያዊ ደሴት፦
አያጣም 😅 ማና ማውጣት ስታክ ላይ አይወጣም፣ ምላሽ አይቀበልም። መሬት ማውረድም እንደዚያው። ገና ያወረዳት ተራ ላይ ግን ታፕ ሊያደርጋት አይችልም፤ ክሪቸር የባለቤቱ ተራ ሲጀምር ጠረጴዛው ላይ ካልነበረ አያጠቃም፣ ታፕ የሚጠይቅ ችሎታውንም አይጠቀምም። መከላከል ግን በደረሰበት ይችላል። ስለዚህ መግደል ከፈለግሽ እንደወረደች ነው፣ ተራው ተመልሶ ሳይደርሰው።

ትዕግሥት ከዲሲ፦
ይቅርታ ጣልቃ ገባሁ፣ ይሄ ነገር ግን ጥንቆላ ምናምን አይደለም? የወንድሜ ልጅ ካርዶች ላይ ቀንድ ያለው ነገር ሁሉ አይቻለሁ።

የሱቅ ዳኛ፦
ሥዕሉ ላይ ጭራቅም መልአክም አለ፣ ተረት ነው። የፈጠረው ሪቻርድ ጋርፊልድ በሒሳብ ዶክትሬት ያለው ሰው ነው፣ በ1993 የወጣ ጨዋታ ነው። የማይመችሽን ካርድ ከዴኩ (ከሚጫወቱበት የካርድ ክምር) ማውጣት ይቻላል። በበኩሌ የሚያሳስበኝ ኪስ ነው።

ብሩክ፦
እትዬ፣ እኔም በልጅዎ ዕድሜ ነው የጀመርኩት። ስለ ኪስ ከተነሳ፣ የታሸገውን ፓኬት እየገዛ እንዲከፍት አይፍቀዱለት፣ ውስጡ ያለው ዕድል ነው። የሚፈልገውን ካርድ ለይቶ ነጠላውን ቢገዛ ይረክሳል። ለእርስዎ ደግሞ ተዘጋጅቶ የሚሸጥ የጀማሪ ዴክ ይበቃል። ማጂክ አሬና የሚባለውን ስልክዎ ላይ ቢጭኑት ነፃ ነው፣ ሕግ የማይፈቅደውን ነገር ራሱ አያስደርግም፣ ስለዚህ ልጅዎ ሳያይ መለማመድ ይችላሉ 😊

አንድ ነገር ብቻ፣ "ኮማንደር እንጫወት" ካለዎት ለጊዜው እምቢ ይበሉ። እዚያ ዴኩ 100 ካርድ ነው፣ ከመሠረታዊ መሬት በቀር አንድ ካርድ ሁለቴ አይገባም፣ ነፍስ ከ40 ይጀምራል፣ ብዙውን ጊዜ አራት ሰው ሆኖ ነው የሚጫወቱት። ጨዋታው አሪፍ ነው፣ ግን በየካርዱ አዲስ ጽሑፍ ማንበብ ነው የሚሆንብዎት። አሁን የያዙት 60 ካርድ፣ አንድ ካርድ ቢበዛ 4 ጊዜ፣ ለመማር የተሻለ ነው።

ድሮ ተጫዋች፦
እኔም ከዳኛው ተምሬ ሄድኩ። እህቴ ሬንተን ቅርብሽ አይደል? ጨዋታውን የሚያወጣው ዊዛርድስ ኦፍ ዘ ኮስት እኮ መሥሪያ ቤቱ እዚያ ነው።

እናት ከሲያትል፦
ሬንተን ለሥራ ነው የማልፍበት፣ አላውቅም ነበር! የመጨረሻ ጥያቄ፣ ከዚያ ልተዋችሁ። አሁን ደግሞ ሰማያዊ ዴክ እየሠራ ነው። ካውንተርስፔል የሚባል ነገር አሳየኝ፣ የጣልኩትን ሁሉ ያከሽፋል። ለዚህስ ምን ይደረጋል?

ሰማያዊ ደሴት፦
የኔ ቀለም ነው፣ ስለዚህ ሚስጥር ማውጣቴ ነው። ካውንተርስፔል የሚሠራው ካርድሽ ስታክ ላይ እያለ ብቻ ነው። ከሠራ በኋላ፣ ክሪቸሩ ጠረጴዛው ላይ ከወረደ በኋላ፣ ዋጋ የለውም። ደግሞ ሁለት ሰማያዊ ማና ይፈልጋል። ስለዚህ ተራውን ምንም ሳያደርግ ካሳለፈና ሁለት ደሴቱ (ሰማያዊ ማና የሚሰጠው መሬት) ሳይታጠፍ ከተቀመጠ እየጠበቀሽ ነው። ያኔ መጀመሪያ ሁለተኛ ምርጫሽን ጣዪ። ካከሸፈው ማናውን ጨረሰ፣ ዋናውን ቀጥለሽ ታወርጃለሽ። ካላከሸፈው ደግሞ ያው አንድ ክሪቸር አገኘሽ። ፊቱን ሳይሆን ደሴቶቹን እያየሽ ተጫወቺ።