አሳማ በማይገባበት ቤት የአሳማ ቫይረስ ከየት መጣ?

የቦርከና ልጅ (ኮምቦልቻ)፦

ታናሽ ወንድሜ የፍየልና የግመል ነጋዴ ነው። ሰኞ ሰኞ ባቲ ገበያ ይወርዳል። ከሦስት ሳምንት በፊት ሰውነቱ ዛለ፣ ምግብ አስጠላው፣ ከዚያ ሽንቱ እንደ ሻይ ጠቆረ፣ ዓይኑም ቢጫ ሆነ። እናታችን ገና ሲያዩት «የወፍ በሽታ ነው፤ የሌሊት ወፍ ሸንታበት ነው» አሉ። ሐኪም ዘንድ ወሰድነው፤ ሄፓታይተስ ቢም ሲም የለበትም። ደሙ አዲስ አበባ ተልኮ ሄፓታይተስ ኢ (ጉበት የሚያሳምም ቫይረስ ነው) የሚል ውጤት መጣ። ሐኪሙ ወረፋ በዝቶበት ነበርና «ከእንስሳት የሚመጣ ነው» ብሎ አሰናበተን።

ስልኬ ላይ ሳነብ አሳማ፣ የዱር አሳማ፣ አጋዘን ይላል። እኛ ሙስሊሞች ነን፤ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችንም አሳማ አይበሉም። እርግጥ ነው፣ ባለፈው ጥቅምት የአጎታችንን ማሽላ ሲያወድም የተገደለ ከርከሮ ወንድሜ በእጁ ጎትቷል። የግመል ወተትም ሳይፈላ ይጠጣል። ግቢያችን ውስጥ አምስት ፍየሎች አሉ። ባለቤቴ የሰባት ወር ነፍሰ ጡር ስለሆነች ፈርታ «ሽጣቸው» እያለችኝ ነው። ልሽጣቸው?

የሐረጎ ሰው፦

ወንድሜ፣ ብዙ አትጨነቅ። ክንድ ላይ ቅጠል አስረው የወፍ በሽታ የሚያድኑ ሽማግሌ አውቃለሁ። እኔም በሁለት ሳምንት ድኛለሁ።

ጡረተኛው (ደሴ)፦

ያለ ቅጠሉም በሁለት ሳምንት ትድን ነበር። አብዛኛው ሰው በራሱ ጊዜ ይድናል፤ ምስጋናውን ቅጠሉ ይወስዳል። የታመመ ጉበት ላይ ምንነቱ ያልታወቀ ነገር አትጨምሩበት።

አሁን ወደ ጠያቂው። ፍየሎችህን አትሽጥ። 31 ዓመት በእንስሳት ሕክምና ሠርቻለሁ፤ ባላጠፋው ጥፋት ገበያ የወጣ ከብት ብዙ አይቻለሁ።

ሐኪሙ የነገረህ ግማሹን ነው። ሄፓታይተስ ኢ ብዙ ዓይነት አለው። ዓይነት 1 እና 2 የሰው ብቻ ናቸው፤ ከሰው ዓይነ ምድር ወደ ውሃ፣ ከውሃ ወደ ሰው ይዞራሉ። እ.ኤ.አ. በ2014 ጋምቤላ ውስጥ በደቡብ ሱዳን ስደተኞች መጠለያዎች ከሺህ በላይ ሰዎች የታመሙት አሳማ አርደው አልነበረም። ዓይነት 3 እና 4 ግን አሳማ ውስጥም ይኖራሉ። የሚገርመው አሳማው አይታመምም። እየበላ ይወፍራል፣ ቫይረሱን በእዳሪው ያወጣል። በአሜሪካ አሳማዎች ላይ መኖሩ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1997 ብቻ ነው፤ እንስሳው ቢያነክስ ወይም ቢያስል ኖሮ እኛ ባለሙያዎቹ ቀድመን በነቃን ነበር። ጃፓን ውስጥ ደግሞ የአጋዘን ሥጋ በጥሬው የበሉ ሰዎች ታመሙ፤ ከማቀዝቀዣ የተገኘው ትርፍራፊ ሲመረመር ያው ቫይረስ ተገኘበት። (ቁርጥ ወዳዶች አትደንግጡ፤ የበሬ ሥጋ በሌላ በሽታ ይከሰስ እንጂ በዚህ ዋና ተጠርጣሪ አይደለም።)

ከርከሮውን ተወው። ወንድምህ የጎተተው በጥቅምት ነው፤ ጊዜው አይገጥምም። ደግሞም በአውሮፓና በጃፓን ቫይረሱ የሚገኝበት የዱር አሳማ የእኛ ከርከሮ አይደለም፤ የሩቅ ዘመዱ ነው።

የእናትህን ነገር አልንቅም። የሌሊት ወፎች የሄፓታይተስ ኢ ዘመድ የሆነ የራሳቸው ቫይረስ አላቸው፤ ጋና ውስጥም ጀርመን ውስጥም ተገኝቷል። ወደ ሰው ሲተላለፍ ግን አልታየም። ዶሮም የራሷ አላት፤ ጉበቷንና ጣፊያዋን ያሳብጣል፣ ወደ እኛ አይሻገርም። ስሙ «የወፍ» ሆኖ ወፎቹ ነጻ መሆናቸው ያስቀኛል። ይልቅ አይጥ ትጠርጠር፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ሆንግ ኮንግ ውስጥ የአይጥ ሄፓታይተስ ኢ ሰው ላይ ተገኝቷል።

ቆም ብዬ የማስብበት ግመል ላይ ነው። ዱባይ ውስጥ ግመሎች ላይ የተገኘ ዓይነት አለ፤ 7 ይሉታል። የግመል ሥጋና ወተት የሚያዘወትር፣ ጉበት የተቀየረለት አንድ ሰው እንደያዘው እ.ኤ.አ. በ2016 ተጽፏል። ኋላም የኬንያ፣ የሶማሊያና የሱዳን ግመሎች ደም ውስጥ የቫይረሱ አሻራ ታየ። ስለዚህ የባቲው ወተት ይፈላ። እኔ ለብሩሴሎሲስ (ካልፈላ ወተት ለሚመጣ ሌላ በሽታ) ስል ይህን ስጮህ ኖሬያለሁ፤ አሁን ምክንያቱ ሁለት ሆነ።

ግን አንድ ነገር ቁጠርልኝ። ቫይረሱ ሰውነት ውስጥ ከገባ በኋላ ሕመሙ የሚታየው ከ15 እስከ 60 ቀን ባለው ጊዜ ነው። ወንድምህ በእነዚያ ቀናት ምን ውሃ ጠጣ? በሰፈራችሁ ሌላ ዓይኑ ቢጫ የሆነ ሰው አለ?

አዋላጅ ነርስ (ደሴ)፦

ጡረተኛው ያሉት እንዳለ ሆኖ ስለ ባለቤትህ አንድ ነገር ልጨምር። በውሃ የሚዞረው ዓይነት በመጨረሻዎቹ ሦስት ወራት ያለችን ነፍሰ ጡር ክፉኛ ይጎዳል፤ በዚያ ጊዜ ከተያዙት ከመቶ ከ20 እስከ 25 የሚሆኑት የሞቱበት ወረርሽኝ አለ። የምትጠጣው ውሃ ዛሬውኑ ይፈላ። ወንድምህ ምግብ አያዘጋጅላት፣ መጸዳጃውንም ለጊዜው አይጋሩ። ማቅለሽለሽ ወይም የዓይን ቢጫነት ካየህ ቀጠሮ ሳትጠብቅ ይዘሃት ና።

የቦርከና ልጅ (ኮምቦልቻ)፦

ጋሼ፣ አላህ ዕድሜ ይስጥዎት። ከወንድሜ ጋር ተቀምጠን ቆጠርን። ከመታመሙ አምስት ሳምንት በፊት የቧንቧ ውሃ 11 ቀን ጠፍቶ ነበር። ያኔ ከጎረቤት የእጅ ጉድጓድ ቀድተን ጠጣን። ዛሬ ሄጄ ከጎረቤቱ መጸዳጃ እስከ ጉድጓዱ በእርምጃ ለካሁት፤ ዘጠኝ እርምጃ ነው፣ መጸዳጃው ከላይ፣ ጉድጓዱ ከታች። የባለቤቱ ልጅም ባለፈው ወር «የወፍ በሽታ» ይዞት ነበር አሉ፤ አንድ ሌላ ወጣትም አለ።

ነገ ጠዋት ለቀበሌው ጤና ባለሙያ አመለክታለሁ። ባለቤቴ ውሃዋን እያፈላች ነው፤ ፍየሎቹም አሉ። እናቴ ግን ዛሬም መጥረጊያ ይዘው የሌሊት ወፎቹን ከጣሪያው ሥር ሲያባርሩ ዋሉ።

ጡረተኛው (ደሴ)፦

ተዋቸው፤ ብቻ ከወረዱ በኋላ እጃቸውን በሳሙና ይታጠቡ። የጉድጓዱን ባለቤት ግን ሳታስቀይም ንገረው፤ ልጁ ታሞበታል።