የቢዝነስ ኔትዎርኪንግ ግሩፕ መግባት ለኛ ሥራ ያመጣል ወይ? ሚከፈልበት ሥራ ማለቴ ነው

ባለካርታው (ጠያቂ)፦
ሰላም ናችሁ። እኔ አስማት ነው ምሰራው፣ በሰርግ በልደት በድርጅት ፕሮግራም ላይ እንግዶች መሃል እየዞርኩ በካርታና በሳንቲም ማዝናናት፣ አልፎ አልፎም መድረክ ላይ ግማሽ ሰዓት ሚሆን ሾው አለኝ። እስካሁን ሥራ ሚመጣልኝ ያየኝ ሰው ለሌላ ሰው ሲያወራ ብቻ ነው፣ አንዳንዴ ወሩን ሙሉ ስልኬ ጭጭ ይላል። ሰሞኑን አንድ የኢንሹራንስ ሰው ሾዬን አይቶ ለምን የኛ የቢዝነስ ግሩፕ አትገባም አለኝ። በየሳምንቱ ጠዋት 1 ሰዓት ይሰበሰባሉ፣ ከአንድ ሙያ አንድ ሰው ብቻ ነው ሚቀበሉት፣ እያንዳንዱ ተነስቶ አንድ ደቂቃ ያህል ስለ ሥራው ይናገራል ከዛ እርስ በርስ ደንበኛ ይጠቋቆማሉ። ዓመታዊ ክፍያ አለው፣ ቀላል አይደለም። ግን አባላቱን ስጠይቅ ጠበቃ፣ የሂሳብ ሰው፣ የቧንቧ ባለሙያ፣ ቤት አሻሻጭ ምናምን ናቸው፣ እነዚህ ሰዎች አስማተኛ ምን ያደርግላቸዋል? የገባችሁበት ካላችሁ በናታችሁ እውነቱን ንገሩኝ፣ ሥራ አገኛችሁ ወይስ ቁርስ በልታችሁ ተመለሳችሁ?

ባለማይኩ፦
ሰላም ወንድሜ። እኔ መድረክ መሪ ነኝ፣ እንደዚህ አይነት ግሩፕ ውስጥ አሁንም አለሁ። ሥራ ያመጣል፣ ግን አንተ እንደምታስበው አይደለም። አዳራሹ ውስጥ የተቀመጡት ሰዎች ደንበኞችህ አይደሉም፣ እነሱ ሚያውቋቸው ሰዎች ናቸው ደንበኞችህ። የሂሳቧ ሴትዮ ራሷ አስማተኛ አትቀጥርም ግን የስንት ድርጅት መዝገብ እጇ ላይ ነው ያለው፣ የትኛው ድርጅት በዓመት መጨረሻ ለሰራተኛው ፕሮግራም እንደሚያዘጋጅ ታውቃለች፣ ባለቤቱንም በስሙ ነው ምትጠራው።

ዋናው ነገር አጠያየቅህ ነው። እኔ መጀመሪያ አካባቢ ተነስቼ «ዝግጅት ያለው ሰው ካወቃችሁ ንገሩኝ» እል ነበር፣ ሁሉም ፈገግ ብሎ ያጨበጭባል አለቀ። ምክንያቱም ዝግጅት ያለው ሰው ስትል ማንም ሰው ፊቱ ላይ አይመጣለትም። አንድ ቀን ግን «ከመቶ በላይ ሰራተኛ ያለው ድርጅት ውስጥ የሰው ሃብት ክፍል ላይ ሚሰራ ሰው ሚያውቅ አለ?» ብዬ ጠየቅኩ፣ አንድ ሁሌ ስልኩን እየነካካ ሚቀመጥ የአልሙኒየም በርና መስኮት ሰራተኛ ቀና ብሎ «የወንድሜ ሚስት እኮ እዛ ናት» አለ፣ ከስብሰባው ሳንወጣ ደወለላት። እሷ ስትጠራኝ ዓመታዊ ፕሮግራማቸው ገና ወራት ይቀረው ነበር፣ ማንም ሳይደርስባት ደረስኩ። ከዛ ድርጅት አሁንም እየተጠራሁ ነው። ስለዚህ ታገስ፣ የመጀመሪያዎቹን ወራት ማንም አይጠቁምህም፣ ሰው ሳያምንህ ስሙን ላንተ አያውስም።

የሳክስፎኑ ልጅ፦
ባለማይኩ ላንተ ሰርቶልሃል ደስ ይላል ግን ለሁሉም አይሰራም በግልጽ እንነጋገር። እኔ ገብቼ ወጥቻለሁ። አንደኛ ሰዓቱ፣ እኛ እኮ ሌሊት ነው ምንሰራው፣ እቃ ሰብስቤ ቤት ስገባ 9 ሰዓት ሌሊት ሆኖ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ሸሚዝ ለብሰህ ተገኝ ስትባል አይንህ ደም መስሎ ነው ምትገባው፣ መቅረት ደግሞ ይቆጠራል፣ ሲበዛ ቦታህን ለሌላ ይሰጡብሃል። ሁለተኛ እና ዋናው፣ ነጻ ሥራ። ሁሉም የሆነ ነገር አለው፣ የልጄ ምርቃት፣ የሱቄ ምረቃ፣ «ና እስቲ ትንሽ ተጫወትልን ብዙ ሰው ያይሃል» ይሉሃል። ጠበቃውን ና ብዙ ሰው ያይሃል ውሌን በነጻ ጻፍልኝ ሚለው ሰው አላየሁም። ሙዚቃ ሲሆን ግን ውለታ ይመስላቸዋል። በዚያ ላይ «አባል ነህ» ስለሚባል እምቢ ማለትም ይከብዳል።

ሂሳብ ሰራተኛዋ፦
ሰላም ለሁላችሁ። እኔ አርቲስት አይደለሁም፣ ባለማይኩ «የሂሳቧ ሴትዮ» ያላት አይነት ሰው ነኝ 😄 ከወዲያኛው ወንበር ሆኜ ልናገር ብዬ ነው።

መጀመሪያ የግሩፑን አይነት ለይ። ሁሉም አንድ አይደሉም። ከአንድ ሙያ አንድ ሰው የሚለው በጣም የታወቀው ቢኤንአይ ነው፣ ኢቫን ማይዝነር የሚባል ሰው እ.ኤ.አ. በ1985 አሜሪካ ውስጥ የጀመረው፣ አሁን ብዙ አገር ላይ አለ፣ በዛ መንገድ የሚሰሩ ሌሎችም አሉ። እዚያ ደንበኛ መጠቋቆም በግልጽ የተቀመጠ ዓላማ ነው፣ ማን ለማን ስንት ጠቆመ ተብሎ ይመዘገባል። ንግድ ምክር ቤት ሌላ ነው፣ ባንተ ሙያ አስር ሰው ሊኖር ይችላል፣ መገኘት ግዴታ የለም፣ ግን ትልልቅ ድርጅቶች ስላሉበት ላንተ የተሻለ ደንበኛ እዚያ ሊኖር ይችላል። ሮታሪ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1905 ቺካጎ ላይ ሲጀመር የተለያየ ሙያ ያላቸው ነጋዴዎች መተዋወቂያ ነበር፣ ዛሬ ግን የበጎ አድራጎት ማህበር ነው፣ እዚያ ሄደህ ካርድህን ካዞርክ ሰው ይታዘብሃል።

የቧንቧ ባለሙያ ምን ያደርግልኛል ላልከው፣ ማርክ ግራኖቬተር የሚባል የሶሺዮሎጂ ምሁር እ.ኤ.አ. በ1973 ያወጣው የታወቀ ጥናት አለ፣ ሰዎች የሥራ ወሬ የሚደርሳቸው ብዙውን ጊዜ ከቅርብ ጓደኛ ሳይሆን ከስንት ጊዜ አንዴ ከሚያገኙት ሰው ነው ይላል። ምክንያቱም ጓደኛህ የሚያውቀውን አንተም ታውቀዋለህ። የቧንቧ ባለሙያው አንተ የማትገባበት ሆቴል ጓዳ ይገባል።

ሁለተኛ ስሌቱን ስራው። ዓመታዊ ክፍያው፣ የየሳምንቱ የቁርስ ክፍያ ካለ እሱ፣ ትራንስፖርት፣ እሱን ሁሉ ደምረህ ከአንድ ሾው ወጪህን ቀንሰህ እጅህ ላይ ለሚቀረው አካፍለው። ለሾው የጠየቅከው ሳይሆን የቀረህ ይሁን። ሁለት ሶስት ሾው የሚመልሰው ከሆነ መሞከር ይቻላል፣ በዓመት ከምትሰራው ግማሹን የሚበላ ከሆነ ግን ይቅርብህ። ገብተህ ከሆነ ደግሞ ማንም ሲደውልልህ «ስልኬን ከማን አገኘህ?» ብለህ ጻፍ፣ ዓመቱ ሲያልቅ በስሜት ሳይሆን በደብተር ትወስናለህ።

አበባና ጨርቅ፦
እኔ ዲኮር ነው ሥራዬ ልጄ፣ ብዙ ዘመን ሰርግና የድርጅት ፕሮግራም ላይ ኖሬአለሁ። እንደኔ ከሆነ የጠበቃና የቧንቧው ግሩፕ ውስጥ መግባትህ አይከፋም ግን ከዚያ በፊት እኛን ተዋወቅ። ሙሽሮች መጀመሪያ አዳራሽ ነው የሚይዙት፣ ከዛ ፎቶ፣ ከዛ እኔ ጋ ይመጣሉ፣ ጨርቅ እየመረጡ እያሉ «እንግዶቹ ፎቶ ስንነሳ ምን ይሁኑ?» ይላሉ። እኮ! ያቺ አንድ ሰዓት ያንተ ናት። እዚያች ላይ የማንን ስም እንደምጠራ የሚወስነው ማንን እንዳየሁ ነው። የአዳራሽ ኃላፊ፣ ፎቶ አንሺ፣ የሳውንድ ሰው፣ ፕሮግራም አዘጋጅ፣ እነዚህ አምስት ስድስት ሰዎች ስምህን ከያዙልህ ያ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ የምትነሳለት ግሩፕ ሁሉ አያስፈልግህም ይሆናል። የተጋበዝክበት ግሩፕ ውስጥ ከነዚህ ሁለት ሶስቱ ካሉ ግን ዛሬውኑ ግባ።

ሌላ አንድ ነገር ልንገርህ ማንም ስለማይነግራችሁ። በአዘጋጅ በኩል የተጠራህበት ቦታ ላይ የራስህን ካርድ ለእንግዳ አታድል። አንድ ጎበዝ ልጅ ነበር፣ ሾው ሲጨርስ ከኪሱ ካርድ እያወጣ ጠረጴዛ ለጠረጴዛ ዞረ፣ አዘጋጇ ከመጋረጃው ጎን ቆማ እያየችው ነበር፣ ምንም አላለችውም፣ ሂሳቡንም ከፈለችው፣ ከዚያ በኋላ ግን አልጠራችውም። እንግዳ ሲጠይቅህ «በእሷ በኩል ነው የመጣሁት፣ ለእሷ ይደውሉ» በል። እሷ ያንን ስትሰማ ሌላ ሰው አትፈልግም።

ዲጄ ቅዳሜ፦
ሁላችሁም ልክ ናችሁ ግን አንድ የረሳችሁት አለ፣ ተፎካካሪ። ለኔ ብዙ ሥራ ሚያመጡልኝ ሌሎች ዲጄዎች ናቸው ቀልድ አደለም። በሳምንት ቅዳሜ አንዴ ነው ያለችው፣ አንዱ ለሁለት ቦታ ከተጠራ አንዱን ለሆነ ሰው መስጠት አለበት፣ ያ ሰው አንተ ሁን። እናንተ አስማተኞች ደግሞ ከኛ ትሻላላችሁ የድሮ ማህበር አላችሁ፣ የአሜሪካ አስማተኞች ማህበር እኮ እ.ኤ.አ. ከ1902 ጀምሮ ያለ ነው፣ ታዋቂው አስማተኛ ሁዲኒ ራሱ ከ1917 እስኪሞት ድረስ ፕሬዝዳንቱ ነበር። የአስማተኞች ዓለም አቀፍ ወንድማማችነት ሚባለውም ከ1922 ጀምሮ አለ፣ ቅርንጫፎቹን ቀለበት ነው ሚሏቸው። ቅርብህ ካለ ግባ፣ ከሌለ ሶስት አራት ሆናችሁ የቴሌግራም ግሩፕ ክፈቱ፣ ቀን ሲጋጭ ተሰጣጡ። ባይሆን ኮሚሽን ይኑር አይኑር ከመጀመሪያው ተነጋገሩ፣ ጸብ ከዛ ነው ሚመጣው።

ባለካርታው (ጠያቂ)፦
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁም፣ እማማ አበባ በተለይ የካርዱን ነገር ማንም አልነገረኝም ነበር። ሁለት ነገር ልጠይቅ፣ እዛች አንድ ደቂቃ ላይ አስማት ልስራ ወይስ ላውራ? እና የሳክስፎኑ ልጅ እንዳለው ነጻ ሥሩ ሲሉኝ ምን ልበል?

ባለማይኩ፦
የመጀመሪያ ቀን ስራ፣ ሰላሳ ሰከንድ ሚፈጅ አንድ ነገር፣ ምክንያቱም አስማት በወሬ አይገባም። ግን ከዛ በኋላ በየሳምንቱ ከሰራህ የቁርስ ማጣፈጫ ነው ምትሆነው፣ ሰው «ዛሬ ምን ያሳየናል» እያለ ይጠብቅሃል እንጂ ለማን ልጠቁመው ብሎ አያስብም። ስትሰራም ከጥያቄህ ጋር አያይዘው፣ ለምሳሌ የጠበቃውን ካርድ ተቀብለህ ጥፋና ከሌላ ሰው ኪስ አውጣው፣ ከዛ «በንግድ ትርኢት ላይ ዳስ ሚይዝ ድርጅት ሚያውቅ አለ? የድርጅቱን ስም እንዲህ አድርጌ ነው ሰው ጭንቅላት ውስጥ ምተክልለት» በል። ያኔ ምን እንደምትሸጥ ይገባቸዋል።

የሳክስፎኑ ልጅ፦
የነጻውን እኔ ልመልስ። በኋላ የለመድኩት፣ እምቢ አልልም፣ ዋጋ እልካለሁ። «ደስ ይለኛል፣ ሰዓቱንና ቦታውን ላክልኝና ዋጋ በጽሁፍ እልክልሃለሁ» እላለሁ፣ ዋጋውን ጽፌ የአባል ቅናሽ ካለ ከስሩ አሳያለሁ፣ ቀኑን ምይዘው ቀብድ ሲገባ ነው እላለሁ። ግማሾቹ እዛው ይጠፋሉ፣ ግማሾቹ ከፍለዋል። ግሩፑ ላንተ ሚሆን አይመስለኝም አሁንም፣ ግን ከሄድክ ይሄን ይዘህ ሂድ።

አበባና ጨርቅ፦
እኔ በነጻ ፈጽሞ አትስራ አልልም። አዳራሹ ውስጥ አዘጋጆችና የሆቴል ሰዎች የሚሞሉበት ቀን ከሆነ ስራ፣ ግን ማን ይመጣል ብለህ ስም ጠይቅ፣ በቪዲዮ እንዲቀረጽልህም አስማማ። «ብዙ ሰው» ብቻ ካሉህ ተወው።

ባለካርታው (ጠያቂ)፦
እሺ፣ መጀመሪያ እንግዳ ሆኜ ልሂድ። ሳልከፍል መታደም ይቻላል ብሎኛል ሰውዬው። እዛ ምን ልይ?

ሂሳብ ሰራተኛዋ፦
ብዙዎቹ አንድ ሁለቴ በእንግድነት ያስገባሉ። ከመሄድህ በፊት የአባላቱን ዝርዝር ከሙያቸው ጋር ጠይቅ፣ እማማ አበባ ከጠሩት ሙያ ስንቱ እንዳለ ቁጠር። እዚያ ስትደርስ ደግሞ ጥቆማ ሲለዋወጡ ጆሮህን ጣል፣ «እገሌን አናግሬዋለሁ፣ ሐሙስ ይደውልልሃል» የሚል ከሰማህ የሚሰራ ግሩፕ ነው፣ «የሆነ ሰው ፍላጎት ያለው ይመስለኛል» እየተባለ ወረቀት ብቻ የሚቀባበሉ ከሆነ ቁጥር ለመሙላት ነው። ያንተ ሙያ በምን ስም እንደሚመዘገብም ጠይቅ። «መዝናኛ» ብለው ከጻፉህ ዲጄም መድረክ መሪም መግባት አይችሉም፣ እነሱ ደግሞ ሥራ የሚያመጡልህ ሰዎች ናቸው፣ ስለዚህ «አስማተኛ» ተብለህ ብቻ ተመዝገብ።

ዲጄ ቅዳሜ፦
ይሄን እኔም አላሰብኩትም። ባለካርታው ከገባህ የዲጄውን ቦታ ያዝልኝ 😂 ጠዋት 1 ሰዓት ግን ተኪ ነው ምልከው።