ኮምፓይል ያደረግኩት የአውቶሆትኪ ስክሪፕት ሎጉ የት ነው የሚገባው? አፕዴትስ እንዴት ነው የምታዳርሱት?

የፒያሳው_ሂሳብ፦
ሰላም ጀመዓ እንዴት ናችሁ። ደሴ ፒያሳ አንድ ጅምላ አከፋፋይ ጋ ሂሳብ ነው የምሰራው፣ የቀኑን ሽያጭ ከኤክሴል እያነሳ ፒችትሪ (የሂሳብ ሶፍትዌራችን) ላይ የሚሞላ ትንሽ ስክሪፕት በአውቶሆትኪ (በሰው ምትክ ኪቦርድና ማውስ የሚነካ ፕሮግራም ነው) ሰርቻለሁ። እኔ ማሽን ላይ ምንም አይል፣ ሎጉንም (የሰራውን የሚመዘግብበትን ፋይል) እዛው አጠገቡ ይጽፋል፣ የትኛው ደረሰኝ እንደገባ የትኛው እንደቀረ አያለሁ። ኮምቦልቻና ወልድያ ላሉት ቅርንጫፎች ግን አውቶሆትኪ መጫኑ ጣጣ ስለሆነ ኮምፓይል አድርጌ (ብቻውን የሚነሳ ፕሮግራም አድርጌ) ኢኤክስኢውን ብቻ ሰጠኋቸው፣ ታስክ ስኬጁለር (ዊንዶውስ በሰዓቱ ፕሮግራም የሚያስነሳበት) ላይ ማታ 2 ሰዓት በራሱ እንዲነሳ አድርጌ። ጉዱ ምን መሰላችሁ፣ ስራውን ይሰራል ሎግ ግን የለም! በእጅ ደብል ክሊክ ሲያደርጉት ሎጉ ይመጣል፣ ማታ በራሱ ሲነሳ ፎልደሩ ባዶ። ወልድያ ያለችው ልጅ ደግሞ አንዳንድ ቀን መሀል ላይ ቆሞ ነው የማገኘው ትላለች፣ የት ጋ ስላት እኔ ምን አውቄ።

ሌላው፣ አንድ ነገር ባስተካከልኩ ቁጥር አዲሱን ሁሉም ጋ ማድረስ ከባድ ሆነብኝ፣ ማን ጋ የትኛው እንዳለ ራሱ ተምታቶብኛል። ቨርዥን 1.1 ነው የምጠቀመው።

ኮምቦልቻ_አይቲ፦
አብሽር ወንድሜ ሎጉ የትም አልሄደም። ፋይልአፔንድ (ፋይል ላይ የሚጽፈው ትእዛዝ) ስትል የፋይሉን ስም ብቻ ነው አይደል የጻፍከው? ስሙን ብቻ ከሰጠኸው የሚጽፈው ፕሮግራሙ በዛ ሰዓት የሚሰራበት ፎልደር ውስጥ ነው። ደብል ክሊክ ሲደረግ የራሱ ፎልደር ነው፣ ታስክ ስኬጁለር ሲያስነሳው ግን ስታርት ኢን የምትለዋን ሳጥን ባዶ ከተውካት የሚነሳው ከዊንዶውስ ከራሱ ፎልደር ከሲስተም32 ነው። እዛ ደግሞ ያለ አድሚን አይጻፍም፣ ቨርዥን 1 ላይ ፋይልአፔንድ ሲያቅተው ኤረርሌቭል የሚባለውን የስህተት ምልክት 1 አድርጎ ዝም ብሎ ያልፋል እንጂ አንድ ሜሴጅ አያወጣልህም።

ግን ሃየስት ፕሪቪሌጅ (በአድሚን መብት አስነሳ) የምትለዋን ቲክ አድርገሃት ከሆነ ጽፎታል ማለት ነው፣ እና ሲስተም32 ውስጥ ገብተህ ብትፈልገው ላታገኘው ትችላለህ፣ ለምን ብትል 32 ቢት አድርገህ ኮምፓይል ካደረግከው 64 ቢት ዊንዶውስ ራሱ ዞር አድርጎ ሲስዋው64 የሚለው ፎልደር ውስጥ ነው የሚከተው። እስኪ እዛ ገብተህ እይ።

የፒያሳው_ሂሳብ፦
ወላሂ ተገኘ!! ልጅቷን ኤኒዴስክ (ማሽኗን ከሩቅ የማይበት) አስከፍቻት ሲስዋው64 ውስጥ ገባሁ፣ የማታው ሁሉ አንዱ ባንዱ ላይ ተደራርቦ ተቀምጧል። የቆመበት ቀን መጨረሻ ላይ ያለው ይሄ ነው፣ እንግሊዝኛውን ወደ አማርኛ መልሼ፦

20:11:42 ደረሰኝ ገባ ????? ????
20:11:49 ሴቭ ተጫነ፣ ማረጋገጫ መስኮቱን እየጠበቅኩ

ከዛ ምንም የለም፣ ቀጥሎ ያለው መስመር የበነጋታው ነው። የደንበኞቹ ስም ደግሞ እንደምታዩት ሁሉም የጥያቄ ምልክት ሆኗል፣ ኤክሴሉ ላይ በአማርኛ ነው ያለው።

ሀይቅ_ዳር፦
የጥያቄ ምልክቱ ቀላል ነው፣ ፋይልአፔንድ ካልነገርከው በዩቲኤፍ-8 (የሁሉንም ቋንቋ ፊደል በሚይዘው) አይጽፍም፣ በማሽኑ በራሱ ኮድፔጅ (የፊደል ሰንጠረዥ) ነው የሚጽፈው፣ እሱ ደግሞ ፊደላችንን አያውቅም። መጨረሻ ላይ ዩቲኤፍ-8 ብለህ ጨምርለት። የድሮውን ሎግ ግን አጥፋው ወይ በሌላ ስም አስቀምጠው፣ በአሮጌው ላይ ከቀጠልክበት ግማሹ እንዲህ ግማሹ እንዲያ ይሆንብሃል። ስክሪፕቱ ራሱ ውስጥ አማርኛ ካለ ደግሞ ሴቭ ስታደርገው ዩቲኤፍ-8 ከቦም (ፋይሉ መጀመሪያ ላይ የምትገባ ምልክት) ጋር ይሁን፣ ቨርዥን 1 ቦም ከሌለው ያበላሸዋል።

መሀል ላይ መቆሙን በተመለከተ፣ እኔ የምጠረጥረው ስክሪኑ ሎክ እየሆነ ነው። ሴንድና ክሊክ (ኪቦርድና ማውስ የሚነኩት ትእዛዞች) ስክሪኑ ከተቆለፈ መስኮቱ ጋ አይደርሱም፣ ስለዚህ ሴቭ ተጫንኩ ብሎ ጻፈ እንጂ ፒችትሪ ምንም አልደረሰውም፣ የማረጋገጫውም መስኮት አይመጣም፣ አንተ ደግሞ ዊንዌይት (መስኮት እስኪመጣ የሚጠብቀው ትእዛዝ) ላይ የጊዜ ገደብ ስላልሰጠኸው እስኪነጋ ይጠብቃል። 30 ሰከንድ ስጠውና ካለፈ በዛ ሰዓት ፊት ለፊት ያለውን መስኮት ታይትል ሎጉ ላይ ጽፎ ይውጣ። ኦንኤረርንም ጨምርበት፣ ሳይታሰብ የሚመጣ ኤረር ሲኖር ፋይሉንና የመስመር ቁጥሩን ይዞ ሎግ ላይ ይጽፍልሃል። ስክሪፕት ሆኖ ሲሰራ ሰዓቱ አጠገብ ያለችውን አረንጓዴ ኤች ደብል ክሊክ ስታደርጋት የሰራቸውን መስመሮች ታሳይህ ነበር፣ ኮምፓይል ስታደርገው ያ ይቀርብሃል፣ ስለዚህ ሎግህ ካልነገረህ ማንም አይነግርህም።

ባይ ዘ ዌይ ልጅቷ ሁለት ሰዓት ላይ ቆመ ስትልህ ሎጉ ላይ 20 ብለህ ፈልግ 😂 እኛ ጋ አንዱ የጠዋቱን ሲያገላብጥ ነው የዋለው።

ወልድያ_ፓይተን፦
እኔ የምሰራው በፓይተን ነው እኛም ጋ እንዲሁ ነው፣ እንዲያውም ይብሳል። ፓይኢንስቶለር (የፓይተንን ስክሪፕት ኢኤክስኢ የሚያደርገው) ላይ ዋንፋይል (አንድ ፋይል ብቻ) ብለህ ካወጣኸው ሲነሳ ቴምፕ ውስጥ ኤምኢአይ ብሎ የሚጀምር ፎልደር ፈጥሮ እዛ ነው የሚዘረጋው፣ ሎጉን ከስክሪፕቱ ፋይል አጠገብ ካልከው እዛ ይጽፍና ሲዘጋ አብሮ ይጠፋል፣ ሲስዋው64ም የለ ምንም የለ። ሲስ ዶት ኤግዚኪዩተብል (የኢኤክስኢው መንገድ) ካለበት ፎልደር ውስጥ በሉት።

የጦሳ_ጥላ፦
ስለ አፕዴቱ ማንም ስላላነሳ እኔ ልበል። መጀመሪያ ይሄን እወቅ፣ ኢኤክስኢው አውቶሆትኪን ራሱን በሆዱ ይዞ ነው የሚዞረው። አንተ ማሽን ላይ አዲስ ቨርዥን ስትጭን ወልድያ ያለው አይነካም፣ እንደገና ኮምፓይል አድርገህ እስካልላክለት በአሮጌው ይቀጥላል። እና አዲስ ሲባል ቨርዥን 2 ላይ ዘለህ እንዳትገባ፣ በፈረንጅ 2022 መጨረሻ የወጣው ሲንታክሱ ሌላ ነው፣ ያንተ ስክሪፕት እንደገና ሳይጻፍ እዛ ላይ አይሰራም። 1.1 ግን በ2024 ቆሟል፣ ሌላ ማስተካከያ አይወጣለትም፣ ስለዚህ አንድ ቀን ተቀምጠህ መጻፍህ አይቀርም፣ ስራ ቀዝቀዝ ሲል አድርገው እንጂ ሰኔ መጨረሻ ሂሳብ ሲዘጋ አትሞክረው።

ማን ጋ የትኛው አለ ላልከው ኮምፓይል ስታደርግ ቨርዥን ቁጥር ስጠው፣ ስክሪፕቱ አናት ላይ ሴትቨርዥን የምትል መመሪያ አለች፣ ራይት ክሊክ ፕሮፐርቲስ ዲቴይልስ ላይ ይታያል። ከዛ በተነሳ ቁጥር የሎጉ የመጀመሪያ መስመር ላይ ቨርዥኑን፣ የኮምፒውተሩን ስም፣ የተነሳበትን ፎልደርና አድሚን መሆን አለመሆኑን ይጻፍ። እቺን አንድ መስመር ይዘህ ብትሆን ኖሮ ኤኒዴስክም አያስፈልግህም ነበር፣ ልጅቷ ፎቶ አንስታ ብትልክልህ ይበቃል። ሎጉን ደግሞ ሙሉ መንገድ ስጠው፣ አፕዳታ (ዊንዶውስ ለየተጠቃሚው የሚይዘው ፎልደር) ውስጥ የራስህን ፎልደር ክፈትለት፣ ኢኤክስኢው ፕሮግራም ፋይልስ ውስጥ ከሆነ አጠገቡ መጻፍም ያለ አድሚን አይሆንም።

ኮምቦልቻ_አይቲ፦
ጋሼ ልክ ነዎት ግን በእጅ እየላከ እስከመቼ? ሲነሳ ኔት ላይ ያለች አንዲት የጽሁፍ ፋይል አንብቦ ቁጥሩ ከሱ ከበለጠ አዲሱን አውርዶ ይተካ። እየሰራ ያለ ኢኤክስኢ ላዩ ላይ አይገለበጥም ግን ስሙ ይቀየራል፣ አሮጌውን ኦልድ ብሎ ሰይሞ አዲሱን በቦታው ማስቀመጥ ነው፣ ካልሰራ አሮጌው እዛው አለ።

የጦሳ_ጥላ፦
ሀሳቡ ጥሩ ነው ለሱ ስራ ግን አልወደውም። ኔትወርኩ መሀል ላይ ይቋረጣል መብራቱም እንደምታውቀው ነው፣ ግማሽ ወርዶ የቀረ ፋይል ቢተካበት ማታ ማን አለ? ከወረደ በኋላ መጠኑንና ሃሹን (የፋይሉን የአሻራ ቁጥር) አይቶ ካልሆነ ባይተካው ይሻላል። ደግሞ የገንዘብ ስራ ነው፣ ማን መቼ ምን እንደቀየረ ሳይታወቅ በራሱ የሚቀየር ፕሮግራም ለኦዲተር ምን ብለህ ታስረዳለህ። ኢኤክስኢው አንድ ሜጋ አካባቢ ነው፣ በቴሌግራም ላክላቸውና ሰው አይቶ ይተካው።

የፒያሳው_ሂሳብ፦
ጋሼ ጀዛከላህ ኸይር። ለጊዜው በቴሌግራም አደርገዋለሁ፣ ግን አንዴ ስልክላቸው የኮምቦልቻው ማሽን ላይ ዲፌንደር (የዊንዶውስ አንቲቫይረስ) ቫይረስ ነው ብሎ በላው፣ እሱስ?

ሀይቅ_ዳር፦
ኮምፓይል ስታደርግ ኮምፕረሽን የሚለው ላይ ዩፒኤክስ ወይ ኤምፕረስ መርጠህ ነበር? ኖን አድርገው፣ የተጨመቀ ሲሆን የበለጠ ይጠረጥሩታል። ከዛ በኋላም ከበላው ፕሮቴክሽን ሂስትሪ ውስጥ ገብተህ ሪስቶር፣ ለማይክሮሶፍትም ፋይሉን በድረገጻቸው ልከህ በስህተት ነው የያዛችሁት ማለት ይቻላል። አንዳንዱ እንደሚያደርገው ዲፌንደሩን ሙሉ በሙሉ እንዳታጠፋው ብቻ፣ በተለይ ማሽኖቹ ዊንዶውስ 10 ከሆኑ፣ ዊንዶውስ 10 በኛ ጥቅምት 2018 ላይ ሳፖርቱ አልቋል፣ በኤክስቴንድድ (ማራዘሚያ) ፕሮግራሙ ካልተመዘገበ የዊንዶውስ ሴኩሪቲ አፕዴት አያገኝም። ኤክስክሉድ (ዲፌንደር እንዳይፈትሸው) የምታደርግ ከሆነ የዛችን ኢኤክስኢ ፋይል ብቻ እንጂ ፎልደሩን በሙሉ አይሁን፣ ፍላሽ እንደሆነ ከሁሉም ቦታ ነው የሚሰካው።

የፒያሳው_ሂሳብ፦
አዎ ዩፒኤክስ ነበር። ኖን አድርጌ አወጣሁት፣ የሎጉን መንገድና 30 ሰከንዷንም ጨምሬ 1.4 ብየ ለወልድያ ልኬላታለሁ፣ ስክሪን ሎኩንም አጥፊው ብያታለሁ።

የጦሳ_ጥላ፦
ሎኩን አታስጠፋት ልጄ፣ የሂሳብ ማሽን ተከፍቶ ማደር የለበትም። ሱቁ ሳይዘጋ 11 ሰዓት ተኩል ላይ እንዲነሳ አድርገው፣ እሷ እያለች ይጨርስ።