ካርታላ እሳተ ገሞራን ማየት እፈልጋለሁ፤ ኮሞሮስን የምታውቁ ምከሩኝ

ጥያቄ፦ መምህርቷ፣ አዳማ

ሰላም ናችሁ? አዳማ ውስጥ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። ሐምሌ ላይ ትምህርት ሲዘጋ ግራንድ ኮሞር ደሴት ለመሄድ ብር እያጠራቀምኩ ነው። ቦሰት ተራራ ቅርባችን ነው፤ ሲፈነዳ ያየ ሰው ግን የለም። ካርታላ በእኛ ዕድሜ ነው የፈነዳው። እግረ መንገዴን ደግሞ፣ ኅዳር 14 ቀን 1989 ዓ.ም. ተጠልፎ የነበረው አውሮፕላናችን የወደቀበት የደሴቲቱ ባሕር ዳርቻ ሄጄ ጸሎት ማድረስ እፈልጋለሁ። ቪዛው እንዴት ነው? ምን ገንዘብ ልያዝ? ተራራው ለጀማሪ ይቻላል? የምሄደው ብቻዬን ነው።

መልስ፦ የፍራንኮ ልጅ

እህቴ፣ ቪዛው አያስጨንቅሽ። አየር ማረፊያው ላይ ስትደርሺ ይመቱልሻል። የመመለሻ ትኬትና የምታርፊበት ቦታ አድራሻ ግን በእጅሽ ይኑር። ገንዘብ ዩሮ ያዢ፣ በጥሬው። የእነሱ ፍራንክ ከዩሮ ጋር የታሰረ ነው፤ አንድ ዩሮ 492 ፍራንክ ገደማ ነው። በካርድ እከፍላለሁ ብለሽ እንዳትተማመኚ። ዝርዝር ኖት ይብዛልሽ። አየር መንገዳችን ወደ ዋና ከተማቸው ሞሮኒ ይበራል፤ ቀኑ ስለሚቀያየር ትኬት ቢሮ ሄደሽ አረጋግጪ።

መልስ፦ ተራራ ወዳዱ፣ ሐዋሳ

ወሩን በደንብ መርጠሻል። እኛ ዘንድ ክረምት ሲሆን እዚያ ደረቅ ወቅት ነው።

ካርታላ 2,361 ሜትር ነው። አዲስ አበባም እዚያው ገደማ ስለሆነች ከፍታው ብቻውን አይጥልሽም። የሚያደክመው መነሻው ዝቅ ማለቱ ነው። ጠንካራ ሰው በአንድ ቀን ደርሶ ይመለሳል፤ አንቺ ግን ድንኳን ይዘሽ ተራራው ላይ አንድ ሌሊት እደሪ። ጭጋግ ቶሎ ስለሚወርድ ያለ መሪ በፍጹም አትውጪ።

አሁን ዋናውን ልንገርሽ፦ ውሃ። ግራንድ ኮሞር ወንዝ የላትም። ዝናቡ ብዙ ነው፤ ግን ድንጋዩ ገና አዲስ ላቫ ስለሆነ ቀዳዳው በዝቶ ወዲያው ይውጠዋል። በብዙ መንደር ሰው የሚጠጣው ከጣሪያ በአሸንዳ ወርዶ በግንብ ገንዳ የተጠራቀመ ዝናብ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 ካርታላ ሲፈነዳ አመዱ እነዚህ ገንዳዎች ውስጥ ገብቶ ስንቱ መንደር የሚጠጣው አጣ። ተራራው ላይ ምንጭ አገኛለሁ ብለሽ እንዳታስቢ። የሁለት ቀን ውሃሽን ከታች ተሸከሚ፤ ተሸካሚም ቅጠሪ። ከሰው ገንዳ ስትቀጂ ደግሞ አስፈቅጂ፤ ለእነሱ ሀብት ነው።

ጫማሽ ሶሉ ወፍራም ይሁን፤ ጥቁሩ ላቫ እንደ ምላጭ ይቆርጣል። ላይ ስትደርሺ አስታ የሚመስል ቁጥቋጦ ታያለሽ፤ ከዚያ 3 በ4 ኪሎ ሜትር የሚሆነው የእሳተ ገሞራው ጎድጓዳ ይከፈትልሻል። ለመጨረሻ ጊዜ የፈነዳው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ከመውጣትሽ በፊት ስለ ሁኔታው ሞሮኒ ጠይቂ።

መልስ፦ ነርስ ነኝ፣ አዳማ

ወባውን የረሳችሁት መሰለኝ። እዚያ የሚበዛው ፋልሲፓረም የሚባለው አደገኛው የወባ ዓይነት ነው። አዳማ ስለኖርሽ የምትቋቋሚው እንዳይመስልሽ። ከመሄድሽ በፊት ሐኪም አማክረሽ የመከላከያ መድኃኒት ውሰጂ፤ አጎበር ያዢ። የቢጫ ወባ ክትባት ካርድሽንም ከፓስፖርትሽ ጋር አድርጊው።

መልስ፦ አቶ መጻሕፍት

ልጄ፣ ተራራውን ብቻ አይተሽ እንዳትመለሺ። እ.ኤ.አ. በ1885 ሊዮን ኡምብሎ የሚባል ፈረንሳዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ከሱልጣን ሰይድ አሊ ጋር ውል ተዋዋለ። በዚያ ውል ሰበብ ከደሴቲቱ መሬት ግማሽ ያህሉ በፈረንሳዊው ኩባንያ እጅ ገባ። ገበሬው በአያቶቹ መሬት ላይ ቅጥር ሠራተኛ ሆነ። ሱልጣኑ ራሱ በኋላ ተግዞ ከአገር ወጣ። በመንገድሽ የሚሸትሽ ያላንግ ያላንግ የሚባለው የሽቶ አበባና ቫኒላ ከዚያ ዘመን የቀረ እርሻ ነው። ነፃነታቸውን ያወጁት እ.ኤ.አ. ሐምሌ 6 ቀን 1975 ነው፤ ጎረቤት ደሴታቸው ማዮት ግን እስካሁን ከፈረንሳይ ጋር ናት። ሰው ሲያጫውትሽ ስለ ማዮት ክርክር አትክፈቺ፤ ዝም ብለሽ ስሚ። ብዙ ቤተሰብ የሚወደው ሰው በጀልባ ወደዚያ ሲሻገር ባሕር በልቶበታል።

ጠያቂዋ፦

እግዜር ይስጥልኝ፣ ሁላችሁንም። አውሮፕላኑ የወደቀበት ቦታስ ከሞሮኒ ሩቅ ነው? አለባበስስ?

መልስ፦ የፍራንኮ ልጅ

ሩቅ አይደለም። ሚትሳሚዩሊ አጠገብ ነው፣ በሰሜን ጫፍ። ከሞሮኒ በጋራ ታክሲ ትሄጃለሽ፤ አየር ማረፊያውን አልፈሽ ነው። ካፒቴን ልዑል አባተ ሊያርፍ ይሞክር የነበረውም እዚያው አየር ማረፊያ ነበር፤ ነዳጅ አልቆበት ባሕር ላይ አሳረፈው። ከ175 ሰው 50 ተረፈ። ሲዋኙ የነበሩ ቱሪስቶችና የአካባቢው ሰዎች ናቸው ሰዎቹን ጎትተው ያወጡት። እዚያ ስትደርሺ ሽማግሌዎች ካገኘሽ ኢትዮጵያዊት ነኝ በያቸው፤ ያስታውሱታል። ቅርብ ላይ ደግሞ ላክ ሳሌ የሚባል፣ እንደ ቢሾፍቱ ሐይቆች በፍንዳታ የተፈጠረ ጨዋማ ሐይቅ አለ፤ ለትምህርትሽ ይሆናል።

አገሩ የእስልምና አገር ነው። ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ፣ ነጠላም ጣል አድርጊ። ዓርብ ከሰዓት ብዙ ነገር ስለሚዘጋ የተራራውን መሪ ሐሙስ ጨርሰሽ ተነጋገሪ። ግማሹን ስትነሺ፣ ግማሹን ስትመለሺ ክፈዪ።